ቅዳሜ ዓሣ እንዳታስገባ፣ መጀመሪያ የቧንቧህን ውሃ መርምር

ወንድሜ፣ «60 ሊትር አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ሳቢያን ቤቴ ሞልቼ 4 ቀን ሆነኝ፣ ውሃው ጥርት ብሏል፣ በመመርመሪያ ወረቀት ናይትሬትም ታየኝ፣ ቅዳሜ ጎልድፊሽ ላስገባ ወይ?» ብለሃል። አቦ እንዳታስገባ! እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሆኜ በዚሁ ነው የከሰርኩት።

1. ናይትሬት ስላየህ ውሃው ደርሷል አትበል። በፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ወደ ናይትራይት፣ እሱም መርዝ ነው፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይራሉ፣ ስለዚህ ናይትሬት ሲታይ አለቀ ይሉሃል። የድሬ ውሃ ግን ከጉድጓድ ነው፣ ናይትሬቱን ከመሬት ይዞት ሊመጣ ይችላል። ይሄን የነገረኝ አልነበረም። መመርመሪያ ወረቀቱ ቀላ ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ከአዲስ አበባ 6 ጎልድፊሽ አስመጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ በሳምንቱ አንድም አልተረፈ። ልጄ የመጨረሻዋን በመዳፏ ይዛ ያለቀሰችውን አልረሳውም። የሸጠልኝ ሰው ጋ ስደውል «ዓሣ ሸጥኩ እንጂ ውሃ አልሸጥኩም» ብሎ ዘጋብኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ሲሸጥልኝ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ማታ ወረቀቱን ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ያው ቀይ! ዓሣ አይቶት የማያውቅ ውሃ!

2. የምትጠብቀው አሞኒያና ናይትራይት መጀመሪያ ከፍ ብለው፣ ከዚያ ሁለቱም ወርደው ዜሮ እስኪገቡ ነው። ፊልተሩን እያስኬድክ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርግ፣ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጥሃል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የእኔ 37 ቀን ፈጀ፣ አንድም ቀን ሳልዘል በደብተር መዘገብኩ። ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋገር ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ አሞኒያ ደግሞ በአልካላይንና በሞቀ ውሃ መርዝነቱ ይብሳል። የድሬን ሙቀት ጨምርበት እንግዲህ። አዲስ አበባ ያለ ሰው «እኔ በሳምንት አስገባሁ» ቢልህ አትስማው።

3. ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥብ፣ ክሎሪን ካለው ባክቴሪያውን ይገድላል። እህቴ ልታግዘኝ ብላ በ20ኛው ቀን ልታጥበው ስትል ከእጇ ነው የነጠቅኳት። ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋም ባክቴሪያው ኦክስጅን አጥቶ ሊሞት ይችላል፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዝ። የምትሞላውንም ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ 24 ሰዓት አሳድረው።

ደግሞ 60 ሊትር ለጎልድፊሽ ጠባብ ነው፣ በጋፒ፣ በትንሿ የዓሣ ዓይነት፣ ጀምር። የእኔዎቹ ጋፒዎች ይኸው ሁለት ዓመት አለፋቸው፣ ወልደዋልም።

ከእኔ ፊልተር ግማሽ ስፖንጅ ቆርጬ እሰጥሃለሁ፣ ያንተ ውስጥ ብታስገባው ሳምንታት ያተርፍልሃል። ክዳን ያለው ዕቃ ይዘህ ና፣ ከእኔው አኳሪየም ውሃ ጋር ሳይደርቅ ቶሎ ቤትህ ታደርሰዋለህ። ከሰዓት ሙቀቱ አይሆንም፣ ጠዋት ና።