ለመተማው ጥያቄ፦ ከሥዕሉ በፊት መለኪያው

ወንድሜ፣ መተማና ቋራ ላይ ለሰሊጥ ሠራተኞች፣ ለበርሜል ጊዮርጊስ ፀበልተኞችና ለሱዳን ስደተኞች የኮሌራ ፖስተርና በራሪ ወረቀት በሁለት ሳምንት አድርስ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር፣ የትኛውስ ማተሚያ ቤት ይሻላል ብለህ ጠይቀሃል። ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻ ጭንቀትህ ይሁን። የበሽታውን መተላለፊያ አንተም ስለምታውቀው እዘለዋለሁ።

1. ስሙን ወስን። «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ብቻ ብለህ እንዳታትም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ይነገር የነበረው ይህ ስም ነው፤ አተትን ከኮሌራ የቀለለ ሌላ በሽታ አድርጎ የሚያስብ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ሱዳን ውስጥም ባለሥልጣናቱ «የውሃ ተቅማጥ» ይሉት ስለነበር ስደተኛው ያንኑ ግራ መጋባት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በትልቁ «ኮሌራ»፣ ከሥሩ በትንሹ «አተት ሲባል የሰማችሁት» በል። «የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ» ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ አባባል ነው፤ ለገበሬ ልጅ «እንደ አጓት የነጣ ውሃ» ብትለው ይቀርበዋል። የራስ ቅል ሥዕል ደግሞ ይቅርብህ። በ2006 እና 2007 ዓ.ም. ምዕራብ አፍሪካ ላይ «ኢቦላ ይገድላል፣ መድኃኒት የለውም» የሚለው መልእክት ሰው በሽተኛውን ቤቱ እንዲደብቅ ነው የገፋው። ኮሌራ በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው፤ ይህ በጉልህ ይጻፍ።

2. መለኪያ። ገንዘብ የሚበላውም ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ፖስተር አንድ ጀሪካንና አንድ የውሃ ማከሚያ የክሎሪን እንክብል ሥሎ «አንድ እንክብል ጨምሩ» ይላል። የትኛውን እንክብል? 67 ሚሊግራሙ አኳታብ ለ20 ሊትር ንጹህ መሳይ ውሃ ይሆናል፤ 33 ሚሊግራሙ ለዚያ አይበቃም። ውሃ አጋር ፈሳሽ ነው፣ በክዳኑ ይለካል። ቢሻን ጋሪ ዱቄት ነው፤ ይማሰላል፣ ዝቃጩ እስኪቀመጥ ይጠበቃል፣ በጨርቅ ይጠለላል። ለአንዱ የተሣለ ፖስተር ተሰቅሎ ሌላው ከታደለ ወረቀቱ ሰው ማሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ ሠዓሊ ከመፈለግህ በፊት መጋዘን ግባ፦ ምን አለ፣ ስንት ሚሊግራም ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውስ ምንድን ነው?

የሚቀዳበትም ዕቃ ይለያያል። የእርሻ ካምፕ ሠራተኛ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ከ200 ሊትር በርሜል ነው። እዚያ ውስጥ አንድ እንክብል መጣል ምንም እንዳለማድረግ ነው፤ 67 ሚሊግራሙ አሥር ያስፈልጋል። ውሃው ከደፈረሰ በጨርቅ ተጠልሎ መጠኑ በእጥፍ ይጨመራል። ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሰዓት ለሌለው «ቡና ተቆልቶ አቦል እስኪቀዳ» በለው። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ የደህና ምልክት መሆኑንም ጻፍ፤ አለበለዚያ ሸተተኝ ብሎ ይደፋዋል። ለሕፃናት ተቅማጥ ከሚሰጠው የዚንክ እንክብል ጋር አብሮ ሲታደል የውሃውን እንክብል የሚውጥ እንዳይኖር፣ ወደ አፍ የሚሄድ እጅ ሥለህ በቀይ ሰርዘው። በረኪና ያለበት ሥዕል ከመጠጥ ውሃ ሥዕል ጋር በአንድ ገጽ አይቀመጥ።

ኦ.አር.ኤስም (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው፣ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ያው ነው። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ በሰው ቤት ያለው ግን ሊትር ሳይሆን ሃይላንድ ነው፣ ሃይላንድ ደግሞ የግማሽም፣ የአንድም፣ የሁለትም ሊትር አለ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ከሣልክ በትንሹ የሚበጠብጥ ይኖራል፤ ጨው በዝቶበት ሕፃን ይጎዳል። በሁለት ሊትሩ ከበጠበጠው ይቀጥናል። «ሁለት ትንሽ ሃይላንድ» ብለህ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ሣል። ፓኬት ሲጠፋ ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ሁሉም በቢላ ጀርባ የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ስድስቱና ግማሹ ቦታ ከተለዋወጡ አደጋ ስለሆነ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ሣላቸው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል፣ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ። የእናት ጡት አይቋረጥም። ይህ ሁሉ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነው፤ ፖስተሩ ቤት ተቀምጦ መጠበቅን እንዳያስተምር።

3. ቅደም ተከተል። አማርኛ አንባቢ ሥዕልን ከግራ ወደ ቀኝ ይከተላል፣ ዐረብኛ አንባቢ ከቀኝ ወደ ግራ። ያንኑ የአራት ሥዕል ሰንሰለት ጽሑፉን ብቻ ለውጠህ ካተምከው፣ ለሱዳኑ መጀመሪያ ይጠጣል፣ በመጨረሻ ክሎሪን ይጨምራል። ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ደርድር፣ ችግሩ ያልቃል። ዐረብኛውን የሚጽፍልህ ከስደተኞቹ መካከል ያለ የሱዳን ጤና ባለሙያ ይሁን፤ ኦ.አር.ኤስን እነሱ «ሚልሕ አት-ተርዊያ» ነው የሚሉት። ለጉሙዝ መንደሮች ወረቀቱን ቀንሰህ ቋንቋውን በሚናገር ሰው ድምፅ ቅዳና በገበያ ቀን በሞንታርቦ አሰማ።

ፀበሉን ቁጥር አልሰጠውም፣ ከቁጥር በላይ ነው። «ፀበል አትጠጡ» የሚል ወረቀት በርሜል ጊዮርጊስ ላይ ከተለጠፈ ያኔውኑ ይቀደዳል፣ አንተም ተመልሰህ አትገባም። መጀመሪያ አስተዳዳሪውንና አጥማቂዎቹን አነጋግር። ልትስማሙባቸው የምትችሉት ነገሮች አሉ፦ ፀበሉ ከምንጩ በቧንቧ ይቀዳ፣ የየሰዉ ጣሳ አይጠለቅበት፣ የመጠመቂያው ውሃ ወደ መጠጫው አይፍሰስ፣ ለመጠጥና ለምግብ የታከመ ውሃ ለብቻው ይቀመጥ። ዋናው ግን ፀበል ጀምሬያለሁና ኦ.አር.ኤስ አልወስድም የሚለው ነው። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ መድኃኒትን ከፀበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህን ለካህናቱ አስታውሳቸው። ፖስተሩ ላይ የሚታየውም ኦ.አር.ኤስ የያዘ ካህን ይሁን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም አይደለም።

ከማሳተምህ በፊት ረቂቁን ከየቡድኑ ለስምንት፣ ለአሥር ሰው አሳይ። «ገባህ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ይሉኝታ ይዞት አዎ ይልሃል። ጀሪካንና እንክብል ስጠውና «አድርገህ አሳየኝ» በለው።

የሚያጸድቀው ቢሮ የሎጎ ቅደም ተከተልና የኃላፊ መልእክት ላይ ሳምንት ሊፈጅብህ ይችላል፤ ስለ ሚሊግራሙ የሚጠይቅህ ግን ላታገኝ ትችላለህ። ሎጎዎቹን ሁሉ ከግርጌ በአንድ መስመር፣ በእኩል መጠን አድርገህ አቅርብ፣ ክርክሩ ያጥራል። ማተሚያ ቤት ስትሄድ ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ለውጠህ ስጥ፤ በፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል፣ የዐረብኛውም ፊደላት ተበታትነው በተቃራኒ ሊሰለፉ ይችላሉ። ከሦስት ሜትር የሚነበብ ርዕስ ፊደሉ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ይቁም። ክረምት ስለሆነ ውጪ የሚሰቀለው በባነር ይሁን። መጀመሪያ ሩቡን ብቻ አሳትም፤ የመጋዘኑ እንክብል ከተቀየረ ቀሪውን አስተካክለህ ታትማለህ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱን ነጻ የስልክ መስመር 8335ንም በትልቁ አስገባ።