«ና» ስትል ሳቁባት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የ5ኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ከአምቦ አካባቢ የመጣች አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እስከ 4ኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኞቹ መሐል ናት። መስከረም ላይ ጓደኛዋን «ነይ» በማለት ፈንታ «ና» ብላ ጠራቻትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ድርሰት ጻፉ ስል ከ3 መስመር አታልፍም፤ እሱም «ውሻው ሥጋ ባላ» ዓይነት ነው። ባልደረቦቼ ወደ 4ኛ ክፍል ብትመለስ ይሻላል ይሉኛል። ልቤ አልቀበል አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብዎን ይስሙት፤ እንዳይመልሷት። በሒሳብ አንደኛ የሆነች ልጅ አንድ ክፍል ዝቅ ብትል የምታተርፈው ሌላ ሳቅ ነው።

ከ«ና» እንጀምር። በአፋን ኦሮሞ ወንዱም ሴቷም የሚጠሩት «ኮቱ» ተብለው ነው። «አቲ» ደግሞ አንተም አንቺም ማለት ነው። ቋንቋዋ ጠይቋት የማያውቀውን ልዩነት አማርኛ በድንገት ጠየቃት፤ የሆነው ይኸው ነው። ይህንን የሳቁት ልጆች ሊያውቁት ይገባል። ስሟን ሳያነሱ ሰሌዳው ላይ «ና፣ ነይ፣ ኑ» ብለው ይጻፉ፤ ከፊት ለፊቱ «ኮቱ፣ ኮታ»። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይበለው። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ሌሎች ልጆች አይጠፉም፤ አነባበቡን እነሱ ያርሙ። እሷ ያን ቀን እጇን ባታወጣም አይቸኩሉ።

«ባላ»ን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ከመክበብዎ በፊት ይህንን ያስቡልኝ። ልጅቷ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በቁቤ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. የተመረጠው የላቲን ፊደል። የአፋን ኦሮሞ አናባቢዎች 5 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያጥራሉ፣ ይረዝማሉ። የአማርኛ 7 ናቸው፤ የግዕዙን «በ» እና የሳድሱን «ብ» ድምፅ የሚለዩት አናባቢዎች በእሷ ቋንቋ የሉም። ስለዚህ ጆሮዋ «በ»ን ወስዶ «ባ» አጠገብ ያስቀምጠዋል። መድኃኒቱ ጥንድ ቃላት ነው፦ በላና ባላ፣ ሰማና ሳማ፣ ከሳና ካሳ። ሳማውን ቅጠል ይሳሉላት፤ የቤቱን ባላም ይሳሉላት። በየቀኑ 5 ደቂቃ ይበቃል። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ፣ «ሰጠ»ን «ሰጥጠ» ብለው የጻፉልኝ ልጆች ነበሩ። በፊደላችን የማይታየውን መጥበቅ በጆሯቸው ሰምተው ነው፤ መመስገን ይገባቸው ነበር። «ቤት ትልቅ» ካለችም አይደንግጡ፤ በአፋን ኦሮሞ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ይመጣል።

ሁሉንም ስሕተት በአንድ ቀን አያርሙ። እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ወላይትኛ አፉን የፈታ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በተናገረ ቁጥር ቃል በቃል እየተከተልኩ አረምኩት። ጥር ሲገባ እጁን ማውጣት ተወ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ይምረጡ፤ ሌላውን እያዩ ይለፉት።

ለመናገሩ ብቻዋን አያስነሷት። ሁለቱንም ቋንቋ ከምትችል ልጅ ጎን ያስቀምጧትና ጥያቄውን ጠይቀው 2 ደቂቃ እርስ በርሳቸው በፈለጉት ቋንቋ ያውሩ። መልሱን ሁለቱም ተነሥተው ይንገሩ። ሰሌዳው ላይ መነሻ ይኑር፦ «እኔ እንደሚመስለኝ …፤ ምክንያቱም …»። ባዶውን መሙላት ከባዶ ከመጀመር በጣም ይቀላል።

ለድርሰቱ የምታውቀውን ነገር ይስጧት። ቡና ማፍላትን ልበል። እቤቷ ስታየው ያደገችው ነው፤ «ቡና» የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱም ቋንቋ ተቀራራቢ ነው። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ለጓደኛዋ ትንገራት። ከዚያ ቃላቱን በጋራ ሰሌዳው ላይ ይሰብስቡ፦ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ሙቀጫ፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ አቦል። ቀጥላ በአማርኛ በቃሏ ትናገረው። መጻፍ የምትጀምረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻ» የሚሉት ቃላት ከፊቷ ሆነው። 3 መስመሩ 8 እንደሚሆን ከልምዴ እነግርዎታለሁ። ሲለምድላት መነሻዎቹን አንድ በአንድ ያጥፏቸው፤ «ምክንያቱም»ን ግን እስከ መጨረሻው ያቆዩላት፣ ልጆች ቶሎ የሚረሱት እሱን ነው።

እናቷ ለወላጆች ስብሰባ ሲመጡ «ቤት ውስጥም በአማርኛ ብቻ አናግሯት» የሚል መምህር ሊያጋጥማቸው ይችላል። እርስዎ ቀድመው ያግኟቸውና በአፋን ኦሮሞ ማታ ማታ ተረት እንዲነግሯት ይለምኑልኝ። ጠዋት ያንኑ ተረት ለክፍሉ በአማርኛ እንድታወራ ይጋብዟት፤ ጓደኛዋ ከጎኗ ቆማ።