ሰው ሲሞላባት አልነሳ ላለችው ጀልባ፦ ሞተሩን ከማውረድህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ላንጋኖ ያለችው ጀልባህ ውስጧ 5.7 ሊትር ቪ8 የቤንዚን ሞተር ተገጥሞላታል። ሁለት ሰው ስትይዝ ደህና ናት። ማዕበሉን ለማተለቅ ውሃ የሚሞሉት የክብደት ከረጢቶች ተሞልተው ስምንት ሰው ሲሳፈር ግን አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ ትቀራለች፣ ከኋላዋ በገመድ ተይዞ ቦርድ ላይ የሚጎተተውን ልጅም ከውሃ ማውጣት ያቅታታል። ሙሉ ጋዝ ሰጥተህም የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ4,000 አያልፍም። መካኒክህም «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለህ። እባክህ ገና አታውርደው።

ጋራዤ ተክለሃይማኖት ነው፤ የእለት እንጀራዬ የመኪና ሞተር ነው። ላንጋኖ ላይ የአንድ ደንበኛዬን ጀልባ መንከባከብ ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንተ ያልከው ዓይነት ችግር ገጠመንና ሞተሩን አወረድን፣ ፋሻና ኩሽኔታ ቀየርን፣ ቴስታታውን አስላግን። ብዙ ገንዘብ ወጣ። ውሃ ላይ ስናወርዳት ያው ናት። ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የሰው ገንዘብ ነበርና።

ችግሩ ፕሮፔለሩ ነበር። ጀልባ እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የላትም፤ ወደፊት የምትሄድበት ማርሽ አንድ ነው፣ ያንን ማርሽ የሚወስነውም የፕሮፔለሩ ጥምዘዛ ነው። ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ ከለገሃር ተነስቶ የቸርችልን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ልጀምር ቢል ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ያንተም ሞተር እንደዚያ ነው የታፈነው። ጥምዘዛ ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት ነው፣ በኢንች ይለካል፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ በሙሉ ጋዝ ከ150 እስከ 200 ዙር ገደማ ይጨምራል። እኛ ከ16 ወደ 13 ስናወርደው፣ በዚያው ጭነት ከ3,900 ወደ 4,500 ወጣች፤ ልጁም በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳ። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግን ምን ያደርግልሃል? ቦርድ የሚጎተተው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ባዶዋን ስትሄድ ብቻ ዙሩ በሞተሩ መጽሐፍ ከተፈቀደው እንዳያልፍ ተጠንቀቅ።

ከፍታውም አለ። እነዚህ ጀልባዎች አብዛኞቹ ፕሮፔለራቸው ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 330 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ 280 ቢሰጥህ አትደነቅ። ይህ በሽታ አይደለም፤ አየሩ ስስ ነው። የሲሊንደሮቹን ግፊት (ኮምፕሬሽን) ስታስለካም ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ስምንቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድር። ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተርህ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያሉ መካኒኮች፣ እኔንም ጨምሮ፣ የምንስተው አንድ ነገር አለ። ቤንዚንና አየር የሚመጥነውን ካርቡራቶር እዚህ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ አስተካክለን እንልካለን፤ ሐይቁ ከዚህ 750 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ አየሩ ሲወፍር ለስሱ አየር የተመጠነው ቤንዚን ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከባድ ጭነት ሲጎትት ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስቶን እስከማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ ሐይቁ ዳር፣ ጭነቱ ላይዋ እያለ ይሁን፤ ካንዴላውን ፈትተህ ቀለሙን እይ። በኮምፒውተር የሚሠራ ኢንጀክሽን ከሆነ ራሱ ስለሚያስተካክል ይህ አያሳስብህም።

ክብደቱን ደግሞ ቁጭ ብለህ ደምረው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 400 ሊትር የሚይዙ ሦስት ከረጢቶች 1,200 ኪሎ፣ ስምንት ሰው በ70 ሲባዛ 560፤ 1,760 ኪሎ ጭነሃል ማለት ነው። ጀልባዋ ላይ የተለጠፈው የጭነት ልክ ስንት ይላል? ያንን ማለፍ የሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሰው ውሃ ውስጥ የመግባት ጉዳይ ነው። በልኩ ውስጥ ከሆንክም ሁሉንም ኋላ አትከምረው፤ አንዱን ከረጢት ወደ ፊት ስታመጣ ቶሎ ትነሳለች። ጀልባዋ ያረጀች ከሆነ ከወለሉ ስር ለመንሳፈፊያ የተሞላውን ስፖንጅም አስፈትሽ። እኛ ስንከፍተው ውሃ ጠጥቶ ነበር፣ ባዶ እያለችም ስትጎትተው የኖረችው ክብደት ነው።

የላንጋኖ ውሃ ደለሉ ብዙ ስለሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ያለችውን ጎማ ይበላታል፤ እሷንና የውሃ ማጣሪያውን በየጊዜው እያቸው።

አሁን የምነግርህን ግን እንደ ወንድም ስማኝ። ሞተሩ የመኪና ቪ8 ስለሚመስል አንዳንዱ «ሶማሌ ተራ እናገኛለን» ብሎ የመኪና ሞተሪኖ፣ የመኪና ዲናሞ ወይም የመኪና ካርቡራቶር ይገጥማል። በፍጹም አታድርግ። የመኪና ሞተር ከስር ክፍት ነው፣ የቤንዚን ትነት ይበተናል፤ የጀልባው ግን ሳጥን ውስጥ ነው፣ ትነቱ ታች ይተኛል። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አንዲት ብልጭታ ጀልባዋን ከነሰው ታፈነዳታለች። አየር ማስገቢያው ላይ ያለውን እሳት መከላከያም «ትንፋሽ ይሰጣታል» ብለህ በመኪና ፊልትሮ አትቀይረው። ከማስነሳትህ በፊት የሞተር ክፍሉን ማራገቢያ ቢያንስ አራት ደቂቃ አስኪደው፣ ክዳኑን ከፍተህም አሽትት። ልጆችም ጭስ ማውጫው ባለበት በኋላ በኩል አይቀመጡ፤ የማይሸት መርዝ አለው።

ፕሮፔለሩን እዚህ ቶርኖ ቤት ወስደህ ላስጠምዝዘው እንዳትል፤ ሞክረነዋል፣ ሚዛኑን ስቶ ዘንጉን ሲያንቀጠቅጠው ከረመ። በልኩ የተሠራውን ማስመጣት ይሻላል። መሃሉ ላይ፣ ዘንጉ የሚገባበት ጋ፣ የተመቱ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ጥምዘዛው ነው። ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ከጀልባዋ ሆድ ጋር ያለውን ክፍተትም ለካና ጻፍልኝ። ስንት ኢንች እንደምትቀንስ አብረን እናሰላዋለን።