ላንካርቫን ያለው ጊዮርጊስ፦ ስለ አንዲት የዌልስ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የጠየቃችሁኝ

ከካርዲፍ በስተ ምዕራብ፣ በደቡብ ዌልስ ገጠር፣ ላንካርቫን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ባለው የቅዱስ ካዶክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል። ይህን ባወራሁ ቁጥር ጥያቄ ይዘንብብኛል። እስቲ በአንድ ቁጭታ ልጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስ የእኛ አይደለም እንዴ? ዌልስ ገጠር ምን ይሠራል?

እንግሊዞችም፣ ጆርጂያዎችም፣ የግብፅ ኮፕቶችም "የእኛ" ይሉታል። ይህ ሥዕል በተሣለበት ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማለት ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ጊዮርጊስን የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ታሪኩም ያው የምናውቀው ነው። ከተማዋ ለዘንዶው ትገብራለች። አንድ ቀን ዕጣው የንጉሡ ልጅ ላይ ይወድቃል። ጊዮርጊስ ይደርስላታል። እኛ ልጅቷን ብሩታዊት እንላታለን፤ ከተማዋ ቤይሩት ናትና። በምዕራብ አውሮፓ የተሠራጨው ትረካ ግን ከተማዋን ሊቢያ ውስጥ ያደርጋታል።

ልዩነቱ የሚጥመኝ አሣሣሉ ላይ ነው። በእኛ ሥዕል ብሩታዊት ዛፍ ላይ ወጥታ ታያለች። ላንካርቫን ላይ ግን በግ ይዛ መሬት ላይ ናት። አባትና እናቷ ከግንባቸው ላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። ልጃቸውን ልከው በመስኮት የሚያዩ ወላጆች! እመቤታችንም እዚያው ተሥላለች። ጊዮርጊስ ራሱ የዘመኑን የብረት ጥሩር ለብሷል።

በዓሉን በተመለከተ፣ እነሱ የሚያከብሩት ኤፕሪል 23 ነው። እኛ ሚያዝያ 23። ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ቀኑ አንድ አይደለም። የእኛው በፈረንጁ ሜይ 1 ላይ ነው የሚውለው።

ጥያቄ፦ እንዴት ተገኘ? እስከ ዛሬ የት ነበር?

እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር። ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር፤ አላየውም እንጂ።

በ2008 አካባቢ የጣሪያው እንጨት ሲጠገን፣ ከግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ታየች። ይኸው ነው። ከመስመሯ በስተጀርባ ምን እንዳለ ለማየት ባለሙያዎች ተጠሩ። ሥዕሉ በኖራ ተሸፍኖ ነበር። ኖራውም አንድ ጊዜ የተቀባ አልነበረም። ለመቶዎች ዓመታት፣ ግድግዳው በቆሸሸ ቁጥር፣ ላዩ ላይ ተደራርቦ ተለስኗል። ባለሙያዎቹ ያንን ሽፋን በቀዶ ጥገና ምላጭ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየፈቀፈቁ አነሡት። ሥራው ዓመታት ፈጀ። አንዱ ሥዕል ሲጸዳ ሌላው ብቅ ይላል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ኖራ የሚቀባ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?

ቀስ በል ወንድሜ። የቀቡት ምናልባት የዚያው አጥቢያ ሰዎች ናቸው። ትእዛዙ ከላይ ነው የመጣው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቆራረጠ። ዌልስም በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ስለነበረች አብራ ሄደች። ልጁ ኤድዋርድ ስድስተኛ በ1547 ሲነግሥ ነገሩ ጠነከረ። በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ሥዕሎችና ምስሎች እንዲጠፉ ታወጀ። ሰው በሥዕል ፊት እየሰገደ ወንጌሉን ረስቷል ነው ክርክሩ። በ1550 ደግሞ የድንጋይ መሠዊያዎች ተነሥተው በእንጨት ጠረጴዛ እንዲተኩ ታዘዘ። ላንካርቫን ላይ ከኖራው በላይ በኋላ ጊዜ ጽሑፍና የንጉሥ ዓርማ ተሥሏል። ሥዕሉ ወጥቶ ፊደል ገባ በሉት።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልበል። ኖራው ነው ያዳነው። ቀለሙን ከብርሃን፣ ከጥላሸትና ከሰው እጅ ጋረደው። ብዙ የእንግሊዝና የዌልስ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕላቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያጡት በ16ኛው ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ "እናድሳለን" ብለው የተነሡ ሰዎች ልስኑን ከነኖራው ቀርፈው ባዶ ድንጋይ አወጡ። ድንጋዩ ሲታይ ጥንታዊ ይመስላቸው ነበር። በመካከለኛው ዘመን ግን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጡ የተለሰነና በቀለም ያሸበረቀ ነበር። ጥላቻ የሸፈነውን ፍቅር ፍቆ ጣለው። እዚህኛው ቤት ግን ያ ልስን ሳይነካ ቀረ።

ጥያቄ፦ አዲስ እያለ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ካርዲፍ ዳር ላይ ሴንት ፋገንስ የሚባል ክፍት ሙዚየም አለ። እዚያ የቅዱስ ቴይሎ ቤተ ክርስቲያንን ታገኛላችሁ። ከስዋንሲ አቅጣጫ፣ ከወንዝ ዳር፣ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ መጥቶ እንደገና የቆመ ነው። በ2007 ተከፈተ። በ1530 አካባቢ ይመስል በነበረው መልክ ግድግዳውን እንደ አዲስ ሥለውታል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ቀለሙ በዝቶብኝ ነበር። ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ግራጫ ድንጋይ ነበር የምጠብቀው። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው የደብራችን ውስጥ መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ታቦት አላቸው?

የላቸውም። ከተሐድሶው፣ ማለትም ከላይ ካነሣሁት የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ለውጥ በፊት፣ መሠዊያው የድንጋይ ጠፍጣፋ ሆኖ አምስት መስቀል ይቀረጽበት ነበር። ከታቦት ጋር ግን አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕንፃውን ግለጽልን። ክብ ነው? ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አለው?

ክብ አይደለም፤ ረዥም ነው። በምዕራብ ጫፍ የደወል ማማ፣ በምሥራቅ ጫፍ መሠዊያ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ መሆኑ ከእኛ ጋር ያመሳስለዋል። የማማው አናት እንደ ግንብ አጥር ጥርስ ጥርስ አለው።

ክፍሉ በሁለት ይከፈላል። ሕዝቡ የሚቆምበት ትልቁ አዳራሽ አንዱ ነው። ቀሳውስቱ የሚያገለግሉበት፣ መሠዊያው ያለበት ጠበብ ያለ ክፍል ሌላው። በመሃላቸው የተፈለፈለ የእንጨት ግርዶሽ ይቆም ነበር። ላዩ ላይ ስቅለቱ፣ በግራና ቀኙ እመቤታችንና ዮሐንስ። በመጋረጃ ፋንታ እንጨት ነው በሉት። ልዩነቱ እንጨቱ ክፍተት ስላለው ሕዝቡ አሻግሮ ያያል። በተሐድሶው ጊዜ ላይ ያሉት ምስሎች በየቦታው ወረዱ። ላንካርቫን ውስጥ ከድሮው የእንጨት ሥራ የተረፈ አለ፤ ስትገቡ ቆም ብላችሁ እዩት።

ከአዳራሹ በስተ ደቡብ ሌላ ሰፊ ክንፍ አለ። በቅስት የተያያዙ ናቸው። ክንፉ ከዋናው አዳራሽ ስለማያንስ ቤቱ መንታ ይመስላል። ከመንደሯ ትንሽነት አንጻር በጣም ትልቅ ነው። ሥዕሎቹ ያሉት በዚህ ክንፍ ነው።

የሕንፃው ጥንታዊ ክፍል 1200 አካባቢ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ተጨምሮበታል። አንድ አርክቴክት ነድፎ የጨረሰው ቤት አይደለም።

ጥያቄ፦ ካዶክ ማን ነው? ሰምቼው አላውቅም።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የዌልስ ቅዱስ ነው። አባቱ ግዊንሊው የሚባል የአካባቢው ንጉሥ። ካዶክ ዘውዱን ትቶ መነኮሰ፤ ላንካርቫን ላይ ገዳም መሠረተ። ገዳሙ ትልቅ የትምህርት ቦታ ሆነ። በ988 ቫይኪንጎች ዘረፉት። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አካባቢውን ሲይዙ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ እንግሊዝ ውስጥ ግሎስተር ላለው የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ተሰጠ። የድሮው ገዳም ዛሬ ከመሬት በላይ አይታይም።

ገድሉን የጻፈው ሊፍሪስ የሚባል የላንካርቫን ሰው ነው፤ በላቲን፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ። ገድል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ያነበበው ሐበሻ አይገርመውም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ አጋዘኖች ቀንበር ተጭነው እንጨት ይጎትታሉ። ራብ በገባ ጊዜ ካዶክ አይጥ እግር ላይ ክር ያስርና ተከትሎ የተደበቀ እህል ያገኛል።

የምወደው ግን የመጽሐፉ ታሪክ ነው። ካዶክ ከደሴት ወደ ደሴት በጀልባ ሲሻገር መጽሐፉን ረስቶ ይመጣል። ሁለት ደቀ መዛሙርቱን "ሂዱ አምጡ" ብሎ ይልካል። ሲመለሱ ባሕሩ ይበላቸዋል። በኋላ ለእራት ዓሣ ሲጠመድ፣ ሆዱ ውስጥ መጽሐፉ ሳይረጥብ ይገኛል። ከሰመጡት አንዱ ባሩክ ይባላል። ዛሬ ሰው በበጋ ለመዋኘት የሚሄድበት ባሪ ደሴት ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው ይባላል።

ጥያቄ፦ የዌልስ ባንዲራ ላይ ቀይ ዘንዶ አለ። ዘንዶ የሚገድል ቅዱስ መሣል አይጋጭም?

ይህን የጠየቀችው እህቴ ጎበዝ ናት።

ሁለቱ ዘንዶዎች ዘመድ አይደሉም። ጊዮርጊስ የሚወጋው ሰይጣን ነው። የባንዲራው ከሌላ ተረት የመጣ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን የተጻፈ የብሪታንያ ታሪክ ላይ፣ ከአንድ ምሽግ ሥር ቀይና ነጭ ዘንዶ ሲዋጉ ይነበባል። ቀዩ የብሪቶኖች፣ ማለትም የዌልሾች አያቶች ነው። ነጩ የሳክሶኖች፣ ማለትም የእንግሊዞች አያቶች። ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ሄንሪ ቱዶር በ1485 ቦስወርዝ በተባለ የጦር ሜዳ ለዘውዱ ሲዋጋ ቀይ ዘንዶ ያለበት ዓርማ ይዞ ነበር። ከሥዕሉ ዘመን ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አስቡት። አንድ የላንካርቫን ገበሬ እሑድ ዕለት ዘንዶ ሲወጋ እያየ ይጸልያል፤ በሌላ ቀን በዘንዶ ሥር ይዘምታል። ሰው ሁለቱንም ይይዛል።

ጥያቄ፦ ከጊዮርጊስ ሌላ ምን ተገኘ?

ሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች። ትዕቢት፣ ቁጣ፣ ምቀኝነት፣ ንፍገት፣ ሆዳምነት፣ ስንፍና፣ ዝሙት። አጋንንትም አሉበት። የሥጋ ምሕረት ሥራዎችም አሉ፤ ማቴዎስ 25 ላይ ያሉት፣ የታሰረ መጠየቅ የመሳሰለው። ማንበብ የማይችል ሰው ከግድግዳው ላይ ንስሓ መግባት ይችላል።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን ሞትና ጎረምሳው ነው። ጎረምሳው ዘንጧል፤ የዘመኑ ፋሽን ሙሉ። ሞት ደግሞ መግነዙ የተላቀቀ በድን ነው። እጁን ይዞ ይጎትተዋል። ወረርሽኝ ይመላለስበት በነበረ ዘመን ይህ ተረት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ማን ሣለው? ቀለሙስ ምንድን ነው?

ሠዓሊው ስሙን አልጻፈም። በእነዚያ የገጠር ሥዕሎች ላይ የሚበዛው ቀለም ቀይና ቢጫ አፈር፣ ጥቁር ከከሰል፣ ነጭ ከኖራ ነው።

ጥያቄ፦ "የጠቢቡ ካዶክ ምሳሌዎች" የሚል አንብቤ ነበር። ከላንካርቫን ገዳም የወጣ ነው?

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኢዮሎ ሞርጋኑግ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1747 እዚሁ ላንካርቫን አጥቢያ ተወለደ። እውነተኛ ስሙ ኤድዋርድ ዊልያምስ፣ ሥራው ድንጋይ ጠራቢ። የዌልስን ሥነ ጽሑፍ እንደ እሱ የሚወድና የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ችግሩ፣ ያላገኘውን ጥንታዊ ጽሑፍ ራሱ ጽፎ "አገኘሁ" ይል ነበር። ዛሬ በዌልስ ትልቁ የባህል በዓል ላይ ካባ የሚለብሱት የጎርሰድ፣ ማለትም የገጣሚዎች ማኅበር፣ ሰዎች ሥርዓት የእሱ ፈጠራ ነው፤ በ1792 ለንደን ላይ ጀመረው። ስለ ካዶክ ጥበብ ከሚነገረውም ብዙው የእሱ እጅ አለበት። ሌባ ልበለው ወይስ ገጣሚ? አንዳንድ ቀን አንዱን፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን እላለሁ።

ጥያቄ፦ አሁንም ይጸለይበታል ወይስ ሙዚየም ሆነ?

ይጸለይበታል። የዌልስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዟ የተለየችው በ1920 ነው። ብዙው የዌልስ ሕዝብ ወደ ሌሎች የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ሄዶ ስለነበር፣ "ለማንሄድበት ቤት ለምን አሥራት እንከፍላለን?" የሚል ረዥም ሙግት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ስሙን በትክክል እንዴት ነው የምጠራው?

መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ በአማርኛ ፊደል አይጻፍም። ምላስህን "ል" ልትል ያህል ላንቃህ ላይ አስቀምጥና አየር አውጣ። "ላን" ማለት የታጠረ ቦታ፣ ኋላም ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆነ። በድሮ ጽሑፍ ግን መንደሩ ናንትካርቫን ነው፤ "ናንት" ወራጅ ውኃ ወይም ሸለቆ ነው። ወንዙ ዛሬም አለ።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዤ ብሄድ ይሰለቻቸዋል?

ጊዮርጊስን ራሳቸው ያገኙታል፤ አትንገሪያቸው። ሥዕሉ የደበዘዘበት ቦታ አለና ትንሽ ይፈልጉ። ንጉሡንና ንግሥቲቱን መጀመሪያ ያየ ከረሜላ ይሸለም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ውሰጃቸው። ሠዓሊው ሞትንና ጎረምሳውን እዚያ የግድግዳው መታጠፊያ ላይ ነው የሣላቸው። ትንሹ ልጅሽ "ወዴት እየወሰደው ነው?" ማለቱ አይቀርም። መቃብሩ ውጭ ነው፤ በመስኮቱ ይታያል።