ስልካቸው ላይ ማስታወሻ ለሚይዙ ልጆች

በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የመስክ ማስታወሻ ለመያዝ የትኛው አፕ ይሻላል? ኖሽን ነው ኦብሲዲያን?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም ይሆናሉ ብዬ አሰናበትኩት። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ሥራ ስጀምር ያሠለጠኑኝ አንድ አንጋፋ የቡና ባለሙያ ነበሩ። እኔ ከመቀጠሬ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ ሲያራግፍ፣ እሳቸው የጅማ ወረዳዎቹን ጎማን፣ ገራንና ማናን በእግርና በበቅሎ አዳርሰዋል። ገበሬው ማሳ ገብተው ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲጠቁሩ ፍሬዋን የያዘችውን ዛፍ ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱ ስለ ዛፏ የሚያውቀውን ሁሉ እየጠየቁ ይጽፋሉ። ከዋንዛ ሥር ናት ወይስ ከብርብራ? በየዓመቱ ታፈራለች ወይስ እያረፈች? የሚጽፉት በእርሳስ ነበር። የጅማ ዝናብ ቀለም አይምርም ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ነው።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ጠሩን። ፈረንጅ አራዳ ካለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ ደብተር አወጡልን። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ማገላበጥ ጀመርን። ጽሕፈታቸው ውብ ነው፤ እርሳሱም አልደበዘዘም። አንዱ ገጽ ላይ ያነበብነው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ዛፏ እንዳለፈው ናት። ከወንዙ ማዶ ያለችው ግን ትበልጣለች። ባለቤቱን ደግሜ ልጠይቅ።» የትኛዋ ዛፍ? የትኛው ወንዝ? ባለቤቱስ ማን ነው? ቀን የለውም፣ ቀበሌ የለውም። ቀጣዩ ገጽ ላይ የጣራ ቆርቆሮ ሒሳብ አለ፤ ከዚያ የልጃቸው የክትባት ቀጠሮ፤ ከዚያ እንደገና ቡና። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህ ችግር አልነበረም፤ ማዶውም ወንዙም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር።

ዝም ብለን አልተውነውም። በኋለኞቹ ዓመታት ይዟቸው ይዞር የነበረውን ሹፌር አፈላልገን አገኘነው። ደብተሩን ስናነብለት ፊቱ በራ፤ ገራ ውስጥ በማርና በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ያበሉትን ቤት በሩ ወዴት እንደሚዞር ሳይቀር ነገረን። ስለ ዛፏ ግን አያውቅም። የጠቆመን ቦታ ስንደርስ ማሳው ጫት ሆኗል። ያቺ ዛፍ ትኑር ትጥፋ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በዚያው ዘመን መልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን በመቋቋማቸው ለዘር ከተመረጡት እናት ዛፎች 74110 እና 74112 የሚባሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ችግኛቸውን ያልተከለ ገበሬ አካባቢያችን ጥቂት ነው። 74 ዛፉ የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ የቀረው ተራ ቁጥሩ። ሃምሳ ዓመት አልፎ እንኳ የእናንተ ዕድሜ ልጅ ቁጥሩን አይቶ ነገሩ መቼ እንደተነሣ ያውቃል። የእኚያ አንጋፋ ዓይንና ጆሮ ከማንም አያንስም ነበር። የጎደለው በእያንዳንዱ ማስታወሻ አናት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ መቼ፣ የት፣ ከማን።

ሊነበብ የቻለውን መርጠን በቢሮ ኮምፒዩተር ተይበን ነበር። የዚያን ጊዜው የአማርኛ መጻፊያ ፊደላችንን የሚያሳየው በላቲን ቁልፎች ላይ ፎንት አልብሶ ነው። ዓመታት አልፈው ፋይሉን ሌላ ማሽን ላይ ስንከፍተው ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ጠበቀን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ማሽን አንድ የሆነ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ወደ ሥራችን እስኪደርስ ደግሞ ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ ለዚያ ልጅ ሁለቱም ይሆናሉ ያልኩትን ላርመው። ኦብሲዲያን የምትጽፉትን በተራ የጽሑፍ ፋይል እናንተው መሣሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ አፑ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል። ኖሽን የሚያስቀምጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ኖሽን ከወደዳችሁ ተጠቀሙበት፤ ግን በየጊዜው ኤክስፖርት እያደረጋችሁ ፍላሽም ላይ ኮምፒዩተርም ላይ አስቀምጡ።

የዛሬ ልጆች ለመጠየቅ አታፍሩም፤ ይህን በጣም እወድላችኋለሁ፤ እኛ አለቃ እንፈራ ነበር። ነገር ግን ሁሉን ስክሪንሾት ታደርጋላችሁ፣ የቀረውን በራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ትወረውራላችሁ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አታዩትም። ሌላው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የአፑን ቀለምና ገጽታ ሲያሳምር ይከርማል። አርእስትና ንዑስ አርእስት እየዘረዘሩ፣ ሲፈልጉ እየከደኑ ሲፈልጉ እየዘረጉ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንገልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ሲያሳየው ምሳሌው የቤት አስቤዛ ዝርዝር ነበር። እናንተም ከዚያ አታወሳስቡት። ወረዳ፣ ከሥሩ ቀበሌ፣ ከሥሩ ባለማሳ፣ ከሥሩ ጉብኝቱ፤ ይበቃል። የቤታችሁን ጉዳይ ከሥራው ለዩት።

የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገጥመው ጣጣም አለ። ስልኩ በራሱ የሚመዘግበው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ገበሬው የሚነግራችሁ ደግሞ በጥቅምት ለቀማና በሰኔ ዝናብ ነው። የእኛን ቀን እናንተው አርእስቱ ላይ ጻፉ፤ ዓመቱን አስቀድማችሁ ወርና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ ካደረጋችሁት ማስታወሻው ራሱ ተራውን ይይዛል። ሌላው ፍለጋ ነው። አንድ ቀን «ፀሐይ» ሌላ ቀን «ጸሀይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አብዛኛው አፕ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ያልፈዋል። የቀበሌው ስም ቢሮ ውስጥ በቁቤ፣ እናንተ ጋ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሁለቱንም አናቱ ላይ አስፍሩ።

የድምፅ ቅጂ ጥሩ ነው፤ የአዛውንቱ አነጋገር ሳይሸራረፍ ይቀራል። ማታውኑ ግን ቁም ነገሩን በጽሑፍ አውጡት፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ መልሶ የሚያዳምጥ አላየሁም። ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ስሙና የቤቱ ነገር ያለበትን ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፉ። እምቢ ካለም ስሙን ትታችሁ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የወንዙን ስም ጽፋችሁ ተመለሱ።