ለጄኔሬተር ክፍል ሉቨር ሲመርጡ የግድግዳውን ቀዳዳ ሳይሆን አየር የሚያልፍበትን ክፍተት ይለኩ

ለ200 ኬቪኤ ጄኔሬተር ክፍል አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የአየር ማስገቢያ ሉቨር (ዝናብ እንዳይገባ ዘመም ያሉ ምላሶች የተደረደሩበት መስኮት) ይበቃ እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን፦ አይበቃም። ይህን የምለው ያንኑ መጠን መርጬ ስለተሳሳትኩ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ጓሮ ተመሳሳይ ጄኔሬተር ተከልን። መብራት በሄደ ቁጥር ሃያ ደቂቃ ያህል በደኅና ይሠራና ሙቀቱ ሲያይል ራሱን ያጠፋል። ራዲያተሩን አጠብን፣ ቴርሞስታት ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ነገሩን የገለጠልን የጥበቃ ሠራተኛው ነው፦ «በሩን ከፍቼ ድንጋይ ሳስደግፈው እኮ አይጠፋም» አለን። ማሽኑ እየሠራ ከውስጥ ዘግቼ ሞከርኩት። ወደ ውጭ የሚከፈተው በር አልበገር ብሎኝ በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ። ክፍሉ አየር ስለተራበ በሩን ወደ ውስጥ እየሳበው ነበር።

ያኔ ነው የአምራቹን ሰነድ አውጥቼ በወጉ ያሰላሁት። ማራገቢያው በሰከንድ 4.5 ሜትር ኩብ ይስባል፤ ሞተሩ ለማቃጠያ የሚወስደው ሲጨመር 4.8 ገደማ ይሆናል። የዝናብ ውኃ አብሮ እንዳይሳብ የአየሩን ፍጥነት በሰከንድ ከ2.5 ሜትር ባላሳልፍ እመርጣለሁ። 4.8 ለ2.5 ሲካፈል 1.9 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ግን አየር የሚያልፍበት ባዶ ክፍተት ብቻ ነው! የሉቨሩ ምላሶች ግማሽ ያህሉን ስለሚሸፍኑ ግድግዳው ላይ የሚያስፈልገው 3.8 ካሬ ሜትር ነው። የእኛ ሁለት ካሬ ሜትር ሉቨር በአንድ ካሬ ሜትር ክፍተት ብቻ ነበር የሚያስተነፍሰው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ማራገቢያው የሚታገለው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የወንፊት ሽቦ ካለና አቧራ ከያዘው ደግሞ ይብሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ለምሳሌ 20 ኪሎዋት ሙቀት በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል በ10 ዲግሪ ልዩነት ለማውጣት ባሕር ጠረፍ ላይ በሰከንድ 1.7 ሜትር ኩብ ሲበቃ እዚህ 2.2 ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩን በከተማዎ ከፍታ የተስተካከለ የአየር ፍሰት ቁጥር ይጠይቁት።

እኛ ግድግዳውን ማስፋት ስላልቻልን ከማሽኑ ጀርባ ሁለተኛ ሉቨር ከፈትን፤ ራዲያተሩንም ከመውጫው ጋር በሸራ አገናኘነው፤ አለበለዚያ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ይገባል። የእርስዎ መግቢያና መውጫ በአንድ ግድግዳ ላይ ከሆኑ ከስፋቱ በፊት እሱን ያስተካክሉ።