ለብቻ ውቅያኖስ ለመሻገር ለምትሰለጥኑ ልጆች

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዛችሁ መጥታችኋል። አውሮፓ ያደጋችሁ አላችሁ፣ ለትምህርት መጥታችሁ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ የለመዳችሁም አላችሁ። አሁን ልባችሁ ውቅያኖስ ላይ ነው። ፈረንሳይ ገብታችሁ ሰልጥናችሁ ሚኒ ትራንዛት የሚባለውን ውድድር መሞከር ትፈልጋላችሁ። «ጋሼ፣ ያዋጣል?» ትሉኛላችሁ። ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን እናንተው ትወስናላችሁ። እኔ ምን ውስጥ እንደምትገቡ ልንገራችሁ፤ ስልካችሁ ላይ የምታዩት ዶልፊንና የጀምበር መጥለቂያ ብቻ ነውና።

እኔ የሸራ ተወዳዳሪ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የጭነት መርከብ ብሪጅ ላይ ነው፣ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ውስጥ። ጡረታ ስወጣ ልጆቼ ያሉበት ብረታኝ፣ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቀረሁ፤ ከሎሪያን ወደብ ሩቅ አይደለሁም። ሥራ መፍታት አልወድም። ወደቡ ላይ እዞራለሁ፣ ገመድ እይዝላቸዋለሁ፣ ሽቦ እቀጥልላቸዋለሁ። ከየአገሩ የሚመጡትን ወጣቶች ሲመጡም ሲሄዱም አያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደፋር ልጅ እዚህ ሞልቷል፤ ዓመቱን ጨርሶ መነሻው መስመር ላይ የሚደርሰው ግን ዕቃውንና ገላውን የሚጠብቀው ነው።

ውድድሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ቦብ ሳልመን የሚባል እንግሊዛዊ የውቅያኖስ ውድድር የሀብታም ብቻ እየሆነ መምጣቱ አናደደውና በትንሽ ጀልባ የሚደረግ ውድድር ጀመረ። ጀልባዋ ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ቢበዛ 3 ሜትር ነው። ውስጧ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ባልዲ ነው። ሰው አንድ ነው። ባለፉት ዙሮች መንገዱ ከፈረንሳዩ ሌ ሳብል ዶሎን ተነስቶ፣ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ላ ፓልማ ላይ አርፎ፣ ካሪቢያን ውስጥ ጓዴሉፕ ድረስ ነበር፤ 4,050 የባሕር ማይል ማለት ነው፣ በኪሎ ሜትር 7,500። የሳተላይት ስልክ ክልክል ነው። ኢንተርኔት የለም። የአየር ጠባዩን በሬዲዮ ሰምታችሁ በእርሳስ ትጽፋላችሁ፣ ጂፒኤሱ ያላችሁበትን በቁጥር ይነግራችኋል፣ ካርታው ወረቀት ነው።

ለዚህ ለመብቃት ብቻ በእነዚህ ጀልባዎች ውድድር 1,500 ማይል መሙላት አለባችሁ። ከዚያ ሌላ ደግሞ ለብቻችሁ፣ ሳትቆሙ፣ 1,000 ማይል። በአትላንቲክ በኩል የሚሄዱት ልጆች ወደ ሰሜን ወጥተው አየርላንድ ደቡብ ኮኒንግቤግ ጋ ይዞራሉ፣ ወደ ታች ወርደው ኢል ደ ሬን ይዞራሉ። ካርታ ላይ ስታዩት ቀላል ይመስላል።

«ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነኝ፣ ለኔ ይሆናል?» ያለችኝ አለች። ኤለን ማካርተርን ታውቋት ይሆናል። ያደገችው ደርቢሻየር ነው፣ እንግሊዝ መሀል፣ ባሕር የማይነካው ክፍለ አገር። የትምህርት ቤት የምሳ ገንዘቧን እያጠራቀመች ነው ጀልባ የገዛችው። በ1997 በ21 ዓመቷ ሚኒ ትራንዛትን ተወዳድራ 17ኛ ወጣች። ልብ በሉ፣ 17ኛ። በ2001 ግን ዓለምን ለብቻ ሳይቆሙ በሚዞሩበት ቫንዴ ግሎብ ሁለተኛ ሆና ስትገባ ገና 24 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ የትውልድ ቦታውን ተዉት። ዋና ትችላላችሁ ወይ? ይሄን ነው የምጠይቀው። ካልቻላችሁ በቅድሚያ እሱን ተማሩ፣ ደግሞ በሞቀ ገንዳ ብቻ አይደለም። እዚህ የካቲት ላይ ውኃው 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስትወድቁበት ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ሳታስቡት አፋችሁን ትከፍታላችሁ።

አሁን ወደ ኑሮው ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ሎሪያን የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ጀርመኖች ከ1941 ጀምረው ለባሕር ሰርጓጅ መርከቦቻቸው የሠሩት ነው። በ1943 የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን አመድ አደረጓት፣ ሕንፃው ግን ንቅንቅ አላለም። ዛሬ ከሥሩ የውድድር ጀልባዎች ይታሰራሉ። ያምራል። እናንተ ግን ከሩቅ ካማራችሁ በኋላ የምትውሉት እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ የብረት ማቆሚያ ላይ የተቀመጠች ጀልባ ሥር ተንበርክካችሁ ነው። የፈረንጆቹን ክረምት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ዝናብ ነው። ሬዚን የሚባለው የጀልባ ማጣበቂያ እጃችሁ ላይ ይደርቃል፣ ሽታው ከጃኬት አይለቅም። ማታ ለአምስት ሰው በተከራያችሁት ቤት ፓስታ ቀቅላችሁ በልታችሁ ትተኛላችሁ። ባሕር ላይ የምትውሉበት ቀን ከምታስቡት በእጅጉ ያንሳል፤ ይሄ የሚያናድዳቸው ልጆች ብዙ አይቆዩም።

ለምን እንዲህ እንደሚደከም አንዲት ነገር ላሳያችሁ። ጀልባዋን እናንተ ስትተኙ የሚይዛት አውቶፓይለት ነው። አውቶፓይለቱ የሚሠራው በባትሪ፣ ባትሪው የሚሞላው ባብዛኛው በፀሐይ ነው። መሀል ላይ ሽቦ አለ። ባለፈው አንድ ልጅ «ባትሪዬ አልሞላም አለኝ፣ አዲስ ልግዛ» ብሎ መጣ። ሽቦውን ከማያያዣው ነቅዬ ላስቲኩን በቢላ ገለጥኩት። መዳቡ ቀይ መሆን ሲገባው ጥቁርና አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ ጨው በልቶታል፤ በጣቴ ስነካው ይረግፋል። እስከ አንድ ክንድ ድረስ እንዲሁ ነው። ባትሪው ምንም አልሆነም። ቆርጠን ጥለን በቆርቆሮ የተነከረ የባሕር ሽቦ ቀጠልንለት፣ ማያያዣውን ቅባት ቀባነው፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ አለበስነው። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ይሄ ሽቦ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ባለው ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ መሀል ቢበጠስ ልጁ ሌትና ቀን መሪ ይዞ ሊቀመጥ ነው፤ እንቅልፍ የለም ማለት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሸራውን በወቅቱ አይቀንስም፣ ወይ መርከብ አያይም። አደጋ የሚባለው ባብዛኛው እንዲህ ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ ማዕበሉ ጣጣውን መጨረሻ ላይ መጥቶ ይዘጋዋል እንጂ።

ስለዚህ ሞያተኛ ከፍላችሁ ብታሠሩም አጠገቡ ቁሙ። መፍቻውን አቀብሉት። ጠይቁት። ባሕር መሀል ሞያተኛ አይጠራም።

ስለ እንቅልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ከኔ ሥራ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። በዚህ ውድድር ያሉት ልጆች 15፣ 20 ደቂቃ እየቆራረጡ ይተኛሉ። ኤለን ማካርተር ይሄን ክላውዲዮ ስታምፒ ከሚባል የእንቅልፍ ተመራማሪ ጋር ሆና ነው የተለማመደችው። ለምን 20 ደቂቃ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጀልባችሁ ላይ ቆማችሁ ዓይናችሁ ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ቢል አድማሱ 3 ማይል ያህል ነው። መርከብ ትልቅ ስለሆነ ከዚያ ርቆም ይታያል። በ20 ኖት፣ ማለት በሰዓት 20 የባሕር ማይል፣ የሚመጣ መርከብ በ20 ደቂቃ 7 ማይል ገደማ ይጠጋል። እንቅልፍ ስትጀምሩ ያልነበረ መርከብ ስትነቁ አናታችሁ ላይ ሊሆን ይችላል።

«እነሱ ያዩናል» የሚል ልጅ ያጋጥመኛል። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ሌሊት ነው፣ ማዕበል አለ፣ ራዳሩ በማዕበሉ ነጠብጣብ ሞልቷል። ከነጠብጣቡ አንዷ የ6 ሜትር የፕላስቲክ ጀልባ ብትሆን መለየቱ ከባድ ነው። የጀልባዋ መብራት ሞገዱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ተረኛው መኮንን ጎበዝ ከሆነና ካልደከመው፣ ማንነታችሁንና ቦታችሁን ለመርከቦች የሚነግረው አስተላላፊም እየሠራ ከሆነ ያያችኋል። ሕጉ ሞተር ያለው ለሸራ ይለቃል ይላል፤ ልክ ነው፣ እናንተ ግን ሕጉን ተማምናችሁ አትተኙ። በተለይ ስፔን ሰሜን ምዕራብ ፊኒስቴሬ ጫፍ ጋ፣ ከሜዲትራኒያንና ከአፍሪካ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚወጣው የሚወርደው መርከብ በሙሉ እንደ ሜክሲኮ አደባባይ ተጨናንቆ ያልፋል። እዚያ ስትደርሱ እንዳትተኙ፣ ቀደም ብላችሁ ተኙ። ከማንም አሠልጣኝ ይልቅ ይሄንን ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ቢስኬን ካነሳን፣ ባሕሩ ለምን እዚያ እንደሚከፋ እወቁት። ከ4,000 ሜትር በላይ የነበረው ጥልቀት ወደ ጠረፉ ሲቀርብ በአጭር ርቀት ከ200 ሜትር በታች ይሆናል። ከአትላንቲክ የመጣው ትልቅ ሞገድ ወለሉ ከፍ ሲልበት ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ይሰበራል። ካርታችሁ ላይ ያንን የጥልቀት መስመር በቀለም አስምሩት፤ መጥፎ አየር ሲመጣ ወይ ከሱ በፊት ወይ ከሱ በኋላ ሁኑ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ቀበቶ፣ እናንተን ከጀልባዋ ጋር የሚያስረው። ኤሪክ ታባርሊን እዚህ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ በ1964 እና በ1976 አትላንቲክን ለብቻ የሚሻገሩበትን ውድድር ያሸነፈ፣ ሎሪያን ውስጥ በስሙ ሙዚየም የቆመለት ሰው ነው። በሰኔ 1998 ሌሊት፣ ዌልስ አቅራቢያ፣ ሸራ ሲቀይሩ የሸራው እንጨት መታውና ከገዛ ጀልባው ወደቀ። በቀበቶ አልታሰረም ነበር። ያውም ብቻውን አልነበረም፣ አብረውት ሰዎች ነበሩ፣ ግን ሊያገኙት አልቻሉም። እናንተ ብቻችሁን ናችሁ፤ አውቶፓይለቱ ደግሞ እናንተ ወደቃችሁ ብሎ አይቆምም፣ ጀልባዋን ይዞ ይሄዳል። ከበሩ ሳትወጡ ቀበቶውን ከጀልባዋ ጋር እሰሩ። ፀሐይ ቢሆንም፣ ባሕሩ ዘይት ቢመስልም፣ ለሽንት ቢሆንም። በተለይ ለሽንት።

ገንዘቡ ብዙ ነው። ያገለገለች ጀልባ ራሷ በአሥር ሺዎች ዩሮ ትጠይቃለች፣ ሸራው፣ መድኑ፣ የወደብ ኪራዩ፣ የሕይወት አድንና የሕክምና ኮርሱ ገና አለ። ስፖንሰር አገኛለሁ ብላችሁ ከሥራ አትልቀቁ። እዚህ የማያቸው አብዛኞቹ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ እየሠሩ የራሳቸውን ይከፍላሉ፤ ሞያውም የሚገኘው እዚያው ነው፣ ስለዚህ አትናቁት።

የሐበሻ ፓስፖርት ያላችሁ፣ ይሄን ፈረንሳዮቹ አይነግሯችሁም፣ አስበውት ስለማያውቁ። የሼንገን አጭር ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ብቻ ነው፤ ለስልጠና አይበቃም፣ ረጅሙን ቪዛ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የ1,000 ማይሉ መንገድ አየርላንድ ጥግ ያደርሳችኋል፣ አየርላንድ ደግሞ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ እንግሊዝም የለችም። አየር ተበላሽቶ ወይ ምሰሶ ተሰብሮ ወደብ ብትገቡ ማንም ወደ ባሕር አይመልሳችሁም፣ ግን ወረቀት ይጠየቃል። ፓስፖርት፣ መኖሪያ ፈቃድ፣ የጀልባዋ ሰነድ፣ የመድን ወረቀት፣ ሁሉም ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ ከረጢቱ ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባው አጠገብ በሚጠበቀው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ምግብ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። ፈረንጆቹ ያን የደረቀ ምግብ የፈላ ውኃ እየጨመሩ ይበላሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሁሉም ካርቶን ካርቶን ይላል። እናንተ በሶ አላችሁ። እሳት አይፈልግም፣ ጀልባዋ ስትገላበጥ በአንድ እጅ ይበጠበጣል። ቆሎ ለሌሊት ተረኛ ይሆናል፣ መንጋጋ ሲሠራ እንቅልፍ ይሸሻል። አንድ ፈረንሳዊ ልጅ ጭኮ አስቀምሼው አሁን ባየኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። በጥብቅ ማሸግ ብቻ ነው፣ እርጥበት ከገባበት አበቃ።

ፈረንሳይኛ ተማሩ። እንግሊዝኛ ይበቃል የሚሏችሁን አትስሟቸው። ስብሰባው በፈረንሳይኛ ነው፣ ቀልዱ በፈረንሳይኛ ነው፣ «ነገ ከሰዓት ነፋሱ ይዞራል፣ ባትወጣ ይሻልሃል» የምትባለዋ ቃል ወደቡ ላይ ቡና ሲጠጣ ነው የምትወረወረው። ደግሞ እኛ አንድ አመል አለን፣ ስንቸገር እንደብቃለን። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም» ማለት ጨዋነት ይመስለናል። ተዉት። እዚህ ተወዳዳሪዎች መፍቻ ይዋዋሳሉ፣ የሰው ምሰሶ ላይ ይወጣሉ፣ መጥተው የሚጠይቃቸውን ይወዱታል። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚሠራው ልጅ ኩሩ ነው ተብሎ ይተዋል፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጨለማው ብቻውን ያገኘዋል።

የቤተሰቡን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣሁት፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ስለሆነ። በሁለተኛው ጉዞ ከላ ፓልማ እስከ ጓዴሉፕ ሁለት ሦስት ሳምንት ድምፃችሁ አይሰማም። እናታችሁ ያላት ጀልባዋ ያለችበትን የምታሳይ፣ ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ናት። ነጥቧ የሆነ ቀን ትቆማለች፤ አስተላላፊው ባትሪ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፣ ወይ መልእክቱ ዘግይቶ። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ግን ለቅሶ ይነሳል። አይቼዋለሁ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። ነጥቧ ቆመች ማለት ጀልባዋ ቆመች ማለት እንዳልሆነ ንገሯት። የአደጋ ጊዜ መጥሪያው ሌላ ዕቃ መሆኑን፣ እሱ ሲነካ የነፍስ አድን ማዕከል በሳተላይት እንደሚሰማ፣ አዘጋጆቹም ለአንድ ለተመዘገበ ሰው እንደሚደውሉ ንገሯት። ያ ሰው ማን ይሁን የሚለውን አስቡበት። ፈረንሳይኛም አማርኛም የሚችል፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ፣ የማይደናገጥ ሰው ይሁን። እናታችሁ እሱን ብቻ ትስማ፣ ፌስቡክ አታንብብ። ስልኩን ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉላት።